የተነከረ እንጨትና ያልተጠበቀ ሥራ

ቤት በሚሠራበት ጊዜ እንጨትን ከምስጥ ስለ መከላከል
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




በኢትዮጵያ የአብዛኛው መኖሪያ ቤት ግድግዳ እንጨትና ጭቃ ነው። ቋሚው ይተከላል፤ ማገሩ ይመታል፤ ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ይመረጋል፤ በመጨረሻም ቆርቆሮው ይከደናል። ባለቤቱ የዓመታት ጥሪቱን ያፈሰሰበት ቤት ተጠናቀቀ ተብሎ ቡና ይፈላበታል፤ ይመረቃል። ምስጥ በሚበዛባቸው አገሮች ግን ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ በሩ አልገጥም ይላል፤ ግድግዳው ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ምርጊቱ ተነሥቶ ሲታይ፣ ትናንት ሁለት ሰው ተሸክሞት የመጣው ቋሚ ከመሬቱ አፍ ላይ በጣት ሲነካ እንደ ወረቀት ይቀደዳል። ቅርፊቱ እንዳለ ነው፤ በውስጡ ግን የቀረው አፈር ነው።

ለዚህ ጉዳት ዘወትር የሚቀርበው መፍትሔ መድኃኒት የተነከረ እንጨት መጠቀም ነው። ምክሩ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሙሉ አይደለም። የተነከረ እንጨት ገዝቶ፣ ለዚያውም ተጨማሪ ዋጋ ከፍሎ፣ ቤቱ በምስጥ የሚበላበት ሰው አለ። እንዲህ ያለው ባለቤት ነጋዴው አታለለኝ፣ ወይም መድኃኒቱ የማይረባ ነበር ብሎ ይደመድማል። አንዳንድ ጊዜ እውነቱ እርሱ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ብዙውን ጊዜ የእንጨቱ መከላከያ የሚፈርሰው ምስጡ ከመድረሱ አስቀድሞ፣ በሥራው ቦታ ላይ፣ በአናጢው መጋዝና በሥራው ቅደም ተከተል መዛባት ነው። የዚህ ንግግር ዓላማም ይህንኑ ማስረዳትና ማረሚያውን ማመልከት ነው።

ሀ. የምስጥ ጠባይ

በዓለም ላይ የታወቁት የምስጥ ዓይነቶች ወደ 3,000 የሚጠጉ ሲሆኑ ሕንፃን የሚጎዱት ጥቂቶቹ ናቸው። በምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በተለይም በምዕራብ ወለጋ በመንዲና በነጆ አካባቢ፣ ሰብሉንም ግጦሹንም ቤቱንም በማጥቃት ገበሬውን ካስመረሩት መካከል ዋናው በሳይንስ ስሙ ማክሮተርሚስ የሚባለው፣ ትልልቅ ኩይሳ የሚሠራው ወገን ነው። በኩይሳው ውስጥ ንጉሡና ንግሥቲቱ፣ ሠራተኞቹና ወታደሮቹ በየሥራቸው ተከፋፍለው ይኖራሉ። ንግሥቲቱ በቀን በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ዝናም ሲጥል ከመሬት የሚፈላው አሸንም አዲስ ጎጆ ለመመሥረት ክንፍ አውጥቶ የሚወጣው ትውልድ ነው። የበዛ ነገር ሁሉ «እንደ አሸን ፈላ» መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም።

ለቤት ሠሪ ከዚህ ነፍሳት ጠባዮች መካከል አራቱን ማወቅ ያስፈልገዋል።

አንደኛ፣ የምስጥ ሠራተኛ ገላው ለስላሳ ስለሆነ ፀሐይና ደረቅ አየር ይገድለዋል። ስለዚህ የሚጓዘው በመሬት ውስጥ ነው። ከመሬት ሲወጣም ከአፈርና ከምራቁ ጭቃ ለውሶ በሚሠራው የተሸፈነ መተላለፊያ ውስጥ ሆኖ ነው። ይህ የጭቃ መተላለፊያ በባዶ ድንጋይ ወይም በሲሚንቶ ላይ በግልጽ ይታያል፤ በጭቃ ግድግዳ ላይ ግን ጭቃ በጭቃ ላይ ስለሆነ አይለይም።

ሁለተኛ፣ ምግቡን ፍለጋ ከኩይሳው ብዙ አሥር ሜትሮች ርቆ ይሄዳል። ኩይሳ የማይሠሩ፣ ጎጆአቸው ፈጽሞ ከመሬት በታች የሆነ ወገኖችም አሉ። ስለሆነም በግቢው ውስጥ ኩይሳ አለመታየቱ ምስጥ የለም ለማለት ማስረጃ አይሆንም።

ሦስተኛ፣ እነዚህ የአፍሪካ ምስጦች ያገኙትን እንጨት አላምጠው ወደ ጎጆአቸው ይወስዱና በላዩ ላይ አንድ ዓይነት ሻጋታ ያበቅላሉ፤ ምግባቸው የሚዘጋጀው በዚህ እርሻ አማካይነት ነው። እርሻው ያለማቋረጥ አዲስ እንጨት ይፈልጋልና አንድ ጊዜ መንገድ ያገኘ መንጋ በቀላሉ አይመለስም።

አራተኛውና እጅግ የሚዘነጋው፣ ምስጥ የማይበላውን ነገር ሊሻገርበት መቻሉ ነው። ድንጋይ አይበላም፤ በድንጋይ ላይ ግን ይወጣል። የተነከረ ቋሚም አይበላ ይሆናል፤ ነገር ግን በቋሚው ገጽ ላይ መተላለፊያውን እየሠራ ወጥቶ ያልተነከረውን ማገር፣ ወራጁን፣ ኮርኒሱን፣ በጓዳ ያለውን የእህል ጎተራ፣ በመደርደሪያ ያለውን መጽሐፍ ያገኛል። የተነከረ እንጨት የሚጠብቀው ራሱን ነው እንጂ ቤቱን አይደለም።

ለ. መድኃኒቱ በእንጨቱ ውስጥ የት ነው?

የቀድሞ አናጢዎች እንጨት ሲመርጡ የጥድንና የወይራን ልብ ይመርጡ ነበር፤ እነዚህ በተፈጥሮአቸው ምስጥን ይቋቋማሉ። ደኑ እየተመናመነ ሲሄድ ቦታውን የያዘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገር የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፤ ቀጥ ብሎም ይቆማል። ለጋው ግን ለምስጥ የተመቸ ምግብ ነው። የኤሌክትሪክና የስልክ መሥመር ተሸካሚ የሆኑት የባሕር ዛፍ ምሰሶዎች በመድኃኒት መነከራቸው ከዚህ የተነሣ ነው።

እንጨትን በግፊት የመንከር ዘዴ አዲስ አይደለም። ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን የሚወጣውን ክሪዮሶት በግፊት ወደ እንጨት የማስገባቱ ዘዴ በእንግሊዝ አገር በጆን ቤተል የተመዘገበው በ1838 እ.ኤ.አ. ነው። የመዳብ፣ የክሮምና የአርሴኒክ ጨው ድብልቅ ደግሞ በ1933 እ.ኤ.አ. በሕንድ አገር በሶንቲ ካሜሳም ተፈለሰፈ። አረንጓዴ መልክ ያለው የተነከረ ምሰሶ ብዙውን ጊዜ በዚህ ድብልቅ ወይም በመሰሎቹ የተነከረ ነው።

ለግንባታ ሠሪው ዋናው ቁም ነገር ግን የመድኃኒቱ ስም አይደለም፤ የደረሰበት ጥልቀት ነው። በዛፉ ግንድ ውስጥ ውኃ የሚያልፍበት የውጭው ለጋ እንጨት መድኃኒቱን ይጠጣል፤ የመሐሉ ልብ ግን የተደፈነ ስለሆነ በግፊትም ቢሆን ብዙም አይቀበልም። ስለዚህ የተነከረ ቋሚ ዙሪያውን የታጠረ፣ መሐሉ ግን መከላከያ የሌለው እንጨት ነው።

ለምሳሌ ውፍረቱ 12 ሴንቲሜትር የሆነ ቋሚ መድኃኒቱ ከዙሪያው 2 ሴንቲሜትር ዘልቆታል ቢባል፣ ያልተነከረው የመሐሉ ክፍል ውፍረት 8 ሴንቲሜትር ይሆናል። ይህ ቋሚ በመጋዝ በተቆረጠ ጊዜ ከሚገለጠው ገጽ 44 በመቶ ያህሉ ያልተነከረ እንጨት ነው። ለመጋጠሚያ ተብሎ 3 ሴንቲሜትር ጥልቀት ሲጠረብም አጥሩ ፈጽሞ ተጥሶአል። አናጢው በአንድ ደቂቃ የሠራው ሥራ በፋብሪካ ብዙ ሰዓት የፈጀውን ሥራ አፈረሰው ማለት ነው።

ሐ. መከላከያው በሥራ ቦታ የሚፈርስባቸው መንገዶች

ከሁሉ የሚበልጠው አሁን የተጠቀሰው መቁረጥ፣ መጥረብና መሰርሰር ነው። በተለይ ጉዳቱ የሚከፋው ቋሚው ረዘመ ተብሎ ታችኛው ጫፍ ተቆርጦ ያው የተቆረጠው ጫፍ ወደ ጉድጓዱ ሲገባ ነው። ያልተነከረው ልብ በቀጥታ ከእርጥብ አፈር ጋር ይገናኛል፤ ምስጡም ከሥር ገብቶ፣ ከውጭ ምንም ምልክት ሳያሳይ፣ ቋሚውን እንደ ቱቦ ክፍት ያደርገዋል። መቁረጥ ግድ ከሆነ የሚቆረጠው የላይኛው ጫፍ መሆን አለበት፤ ፋብሪካው የነከረው ጫፍ ወደ ታች ይሁን።

ሁለተኛው መንገድ ስንጥቅ ነው። እርጥብ እንጨት ከተነከረ በኋላ በፀሐይ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ከተነከረው ክፍል አልፎ ወደ ልቡ ይደርሳል። ስለዚህ በግፊት የሚነከር እንጨት አስቀድሞ መድረቅ፣ ስንጥቁንም ከመነከሩ በፊት መጨረስ አለበት።

ሦስተኛው አቀማመጥ ነው። እንጨቱ ከመኪና ወርዶ በመሬት ላይ ለሳምንታት ይጋደማል፤ በላዩ አፈር ይደፋበታል፤ ዝናም ይዘንብበታል። አብሮት የሚከመረው ያልተነከረው ጣውላና ሞራሌ በዚያው ጊዜ ምስጥ ይገባበትና ከነምስጡ ወደ ጣራው ይወጣል።

አራተኛው የተቀበረ ቁርጥራጭ ነው። የመሠረቱ ካሳ ፎርማ ችካል ሳይነቀል ሙሌት ይደፋበታል፤ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት፣ የጉቶ ሥር፣ የእንጨት ፍላጭ ከወለሉ ሥር ይቀበራል። ይህ ሁሉ ከሊሾው በታች ለምስጥ የተዘጋጀ ድግስ ነው። እርሱን ጨርሶ ሲነሣ ከራሱ በላይ ያለውን ቤት ያገኛል። በወለሉ ውስጥ የቀረ ችካል ሲበላ ደግሞ ከአፈር ወደ ክፍሉ የሚያወጣ ቀዳዳ ይሆናል።

አምስተኛው ከሥራው ፍጻሜ በኋላ የሚመጣ ነው። ቤቱ ሲጠናቀቅ ግቢውን ለማስተካከል ተብሎ አፈር ወደ ግድግዳው ይጠጋል፤ ወይም በረንዳ ይጨመራል፤ ወይም ምርጊቱ እስከ መሬት ይወርዳል። ከመሬት ከፍ ተደርጎ የተሠራው እንጨት በአካፋ አፈር እንደገና ከመሬት ጋር ይገናኛል።

መ. ተገቢው የሥራ ቅደም ተከተል

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ሁሉ የሚታረመው አዲስ ነገር በመግዛት ሳይሆን የሥራውን ተራ በማስተካከል ነው።

ከቁፋሮ በፊት ቦታው ይመረመራል። ጉቶና ሥር ይነቀላል፤ በግቢው ያለ ኩይሳ እስከ ጎጆው ይቆፈራል። የዝናሙ ውኃ ከቤቱ የሚርቅበት ቦይ አስቀድሞ ይታቀዳል፤ ምስጥና እርጥበት አይለያዩምና።

በመሠረቱ ላይ ቋሚውን በአፈር ውስጥ ከመቅበር ይልቅ ከመሬት 40 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ባለ የድንጋይ ግንብ ላይ በብረት ማሠሪያ ማቆም ይሻላል። በግንቡና በእንጨቱ መካከል ከግንቡ ዳር በሁለቱም ወገን 5 ሴንቲሜትር ያህል ወጣ ብሎ ወደ ታች የታጠፈ ቆርቆሮ ይደረጋል። ይህ ቆርቆሮ ምስጡን ፈጽሞ አያግደውም፤ ዞሮ ሊያልፈው ይችላል። ጥቅሙ ምስጡ መተላለፊያውን በግልጽ ቦታ፣ ለዓይን በሚታይ መንገድ እንዲሠራ ማስገደዱ ነው። በቆርቆሮው መገጣጠሚያ ላይ ክፍተት መተው ግን ቆርቆሮውን እንደሌለ ያደርገዋል። ምርጊቱም ከቆርቆሮው በታች መውረድ የለበትም።

ወለሉ ከመፍሰሱ በፊት ካሳ ፎርማውና ችካሉ ተነቅሎ፣ ሙሌቱ ከእንጨትና ከወረቀት ተለይቶ ይጠቀጠቃል። አፈሩ በመድኃኒት የሚረጭ ከሆነ የሚረጨው ጥቅጠቃው ከተፈጸመ በኋላ ሲሆን ወዲያው በፕላስቲክ ንጣፍ ይሸፈናል። ከተረጨ በኋላ ለቧንቧ ተብሎ የሚቆፈር አንድ ቦይ ወይም አንድ ሌሊት የሚዘንብ ዝናም ሥራውን ዋጋ ያሳጣዋል። ቀድሞ ለዚህ ሥራ ያገለግሉ የነበሩት አልድሪን፣ ዲልድሪን፣ ክሎርዴንና ሄፕታክሎር በ2001 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት ውስጥ መወገድ ካለባቸው መርዞች ተመድበዋል። ከአሮጌ መጋዘን «ጠንካራ ነው» ተብሎ የሚቀርብ መርዝ በምንም ምክንያት ወደ ግንባታ ቦታ መግባት የለበትም።

እንጨቱ ሲመጣ ከመሬት 30 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ባለ የድንጋይ ወይም የብሎኬት መደብ ላይ፣ አየር በመካከሉ እንዲያልፍ በሥንጥር ተለያይቶ ይደረደራል፤ ከላይ ይሸፈናል። በየሳምንቱም ከሥሩ ይታያል። በጨው የተነከረ እንጨት ደግሞ ጨው ከእንጨቱ ጋር እስኪዋሐድ ድረስ ጊዜ ይፈልጋል፤ በቀዝቃዛ አየር ብዙ ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል እርጥብ ሆኖ የሚላክ እንጨት መቀበል አይገባም።

በሥራ ላይ መቁረጥ ወይም መሰርሰር ግድ ከሆነ፣ የተቆረጠው ገጽ በዚያው ሰዓት፣ እንጨቱ ከመተከሉ በፊት፣ ለዚህ ተብሎ በተዘጋጀ ፈሳሽ፣ ለምሳሌ በመዳብ ናፍቴኔት፣ እስኪጠግብ ድረስ ይቀባል፤ የብሎን ቀዳዳም በፈሳሹ ይሞላል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት በዚህ ምትክ ሊቆጠር አይገባም። ዘይቱ ገጹን ያጠቁራል እንጂ ጠልቆ አይገባም፤ ከዚህም በላይ የቀቢውን ቆዳና የግቢውን አፈር ይበክላል። የእንጨቱን ጫፍ በእሳት ማስለብለብም የሚሰጠው ቀጭን የከሰል ሽፋን ነው፤ ሲሰነጠቅ መንገዱ ክፍት ነው።

የተነከረ ቋሚ ያልተነከረ ማገር ሲሸከም መንገዱ ለምስጥ እንደሚቀር ቀደም ሲል ተጠቅሶአል። ለማገሩና ለጣራው እንጨት አቅምን ያገናዘበ ዘዴ አለ፦ አዲስ የተቆረጠውን እርጥብ እንጨት በቦራክስና በቦሪክ አሲድ ውሕድ ውስጥ ነክሮ፣ ለሳምንታት በፕላስቲክ ሸፍኖ ማቆየት። ቦሮን ከእርጥበቱ ጋር ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ይሁን እንጂ ውኃ ያጥበዋልና ከመሬት ለሚገናኝና ዝናም ለሚመታው እንጨት አይሆንም። መዳብ በብዛት ያለባቸው መድኃኒቶች ደግሞ ተራ ሚስማርን ስለሚበሉ በደንብ ዚንክ የተነከረ ሚስማርና ብሎን ያስፈልጋቸዋል።

ሠ. ከግንባታ ወደ ማጀት

አንድ ሌላ ጉዳይ አለ፤ ከምስጥ ይልቅ የሚያሳስበውም እርሱ ነው። በግንባታ ቦታ የቀን ሥራው ሲያበቃ ሠራተኛው የእንጨት ቁርጥራጭ ሰብስቦ ወደ ቤቱ ይወስዳል። ፎርማኑ አይከለክልም፤ የደግነት ልማድ ነውና። ሰጋቱራውም ለምድጃ ይፈለጋል። ያልተነከረ እንጨት ከሆነ ልማዱ መልካም ነው። በመዳብ፣ በክሮምና በአርሴኒክ የተነከረ እንጨት ሲነድ ግን ከአርሴኒኩ ከፊሉ በጢሱ ይወጣል፤ የቀረው በአመዱ ውስጥ ይከማቻል። ያ ጢስ በተዘጋ ማጀት ውስጥ እንጀራ የምትጋግር እናትና በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን የሚተነፍሱት ነው። ያ አመድ ደግሞ ዕቃ ይታጠብበታል፤ በጓሮ ጎመን ሥር ይበተናል። በአሜሪካ ይህ ድብልቅ ከ2003 እ.ኤ.አ. ፍጻሜ ጀምሮ ለመኖሪያ ቤት በአብዛኛው እንዳይውል ተደርጎአል። የአውሮፓ አገሮችም በ2004 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ገደብ አድርገዋል። ክሪዮሶትም ካንሰር የሚያስከትሉ ነገሮች ስላሉበት ሰው በሚኖርበት ክፍል ውስጥ ቦታ የለውም። ከመሥመር ላይ የተነሣ አሮጌ ምሰሶ በርካሽ ተገዝቶ ለቤት ቋሚነት፣ ከዚያም ተሰንጥቆ ለማገዶ የሚውልበት ሁኔታ በዚህ ረገድ ብርቱ ጥንቃቄ ያሻዋል።

ለሠራተኛው «አትውሰድ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው፣ በምትኩም ያልተነከረው ቁርጥራጭ ተለይቶ ሊሰጠው ይገባል። የተነከረው በየቀኑ ተሰብስቦ በተቆለፈ ስፍራ ይቀመጥ፤ ወደ ነከረው ድርጅት የሚመለስበትም መንገድ በውሉ ውስጥ ይጻፍ። የሚቆርጡትና የሚቀቡት ሠራተኞች ጓንትና የአፍንጫ መሸፈኛ ይሰጣቸው።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ቁርጥራጩ ከመጀመሪያው እንዳይኖር ማድረግ ነው። በዚህ ቦታ የቤቱ ደኅንነትና የማጀቱ ደኅንነት ወደ አንድ ትእዛዝ ይመጣሉ፤ ይኸውም አስቀድሞ መለካት፣ መቁረጥ፣ መጥረብና መሰርሰር፣ ከዚያ በኋላ መንከር ነው። የእያንዳንዱ ቋሚ ቁመት፣ የእያንዳንዱ መጋጠሚያ ልክ፣ የእያንዳንዱ ብሎን ቀዳዳ በሥዕል ላይ ተወስኖ ወደ ነካሪው ሲላክ፣ እንጨቱ ወደ ሥራው ቦታ የሚደርሰው አጥሩ ሳይነካ ነው። አናጢው የሚገጥም እንጂ የሚቆርጥ አይሆንም። ወደ ምድጃ የሚሄድ መርዝም አይኖርም።

ይህ ትእዛዝ ከአናጢው አይጠበቅም። አናጢው የተሰጠውን እንጨት ከተሰጠው ቦታ ጋር የማስማማት ግዴታ አለበት፤ ሥዕሉ ያልነገረውን መጋዙ ይወስናል። የቋሚውን ቁመት በሥዕል ላይ ያልወሰነ፣ በውሉ ዝርዝር ውስጥም «የተነከረ እንጨት» ብሎ አልፎ የመድኃኒቱን ዓይነትና ጥልቀት፣ የተቆረጠው ገጽ እንዴት እንደሚቀባ ያልጻፈ መሐንዲስ ለምስጡ በሩን የከፈተው እርሱ ነው።

ቤቱ ከተመረቀ በኋላ ለባለቤቱ የሚቀረው ሥራ ቀላል ነው። በግንቡ ዙሪያ አፈርና ማገዶ አለመከመር፣ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ክረምት ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ፣ ቆርቆሮውን ዞሮ ማየት፣ የጭቃ መተላለፊያ ካገኘ ማፍረስና ከየት እንደመጣ መከታተል ነው። ይህንንም ቁልፉን በሚረከብበት ቀን፣ ግንቡ አጠገብ ቆሞ፣ መሐንዲሱ ራሱ ሊያሳየው ይገባል።